ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር ወደብ፦ የጥር 2012 የጉዞ ማስታወሻ

ሰኞ፣ ጥር 18

ከደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ገና ሳይነጋ ተነሣን። የጉዞዬ ዓላማ ባሕር ዳር ከአንዲት የደብር መንደር ተነሥታ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የፋብሪካና የወደብ ከተማ የሆነችበትን ሂደት በቦታው ተዘዋውሬ ማየትና መመዝገብ ነው። የማርቆስ ሰው በዚህ ጉዳይ ላይ ፍጹም ገለልተኛ ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ አንባቢ ካለ ከወዲሁ ይወቀው፦ የእኛ ከተማ የጎጃም ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ በነበረችበት ጊዜ ባሕር ዳር የአንድ አውራጃ ከተማ ነበረች። ዛሬ የክልል ጉዳይ ያለበት የማርቆስ ሰው ፋይሉን በብብቱ ይዞ ወደ ሰሜን የሚሳፈር ነው።

ደምበጫንና ፍኖተ ሰላምን ስናልፍ በየማሳው ዳር አውድማ ተለቅልቆ እህል ይወቃል። ቡሬ ላይ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ግንባታ ከመንገድ ይታያል። ከቡሬ በኋላ ኮሶበርና አዲስ ቅዳም አልፈው ዳንግላ ይመጣል። ለዚህ ጉዞ ጉዳይ ዳንግላ ችላ የምትባል ከተማ አይደለችም፤ እንግሊዞች ከጣሊያን ወረራ በፊት ቆንስላቸውን ያቋቋሙት በዚህች በሐይቁ ደቡብ ባለች ከተማ ነበር። ቆንስሉ ሜጀር ቺዝማን የጣናን ዳርቻና የዓባይን ሸለቆ በእግርና በበቅሎ እየዞረ ሲለካ ለዓመታት ቆይቷል። እንግሊዞችን ወደ ዳንግላ ያመጣቸው ንግዱ ብቻ አልነበረም፤ ለሱዳንና ለግብፅ እርሻ ሲባል በጣና መውጫ ላይ ግድብ ለመሥራት ያስቡ ነበር። ኢትዮጵያም በበኩሏ ጥናቱ በራሷ እጅ እንዲሆን ዶክተር ወርቅነህን ወደ አሜሪካ ልካ ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለ የኒው ዮርክ ኩባንያ ጋር ተነጋገረች፣ ኩባንያውም መሐንዲሶቹን ልኮ ሐይቁን አስጠና። ወረራው መጣና ግድቡ ወረቀት ላይ ቀረ። ይሁንና የባሕር ዳር ዕድል ከውኃው መውጫ ጋር የተሳሰረው ከዚያ ዘመን ጀምሮ እንደሆነ ከዚህ ታሪክ መረዳት ይቻላል።

መራዊ ላይ የቆጋን መስኖ በመስኮት አየሁ። ወደ 7,000 ሄክታር የሚያጠጣው ይህ ግድብ የሚይዘው ውኃ በግልገል ዓባይ በኩል ጣና ይገባ የነበረ ነው። ጥር ላይ በዙሪያው ያለው ማሳ ሁሉ ገለባ ሆኖ ሳለ የቆጋ ማሳ አረንጓዴ ነው። ባሕር ዳር ከቀትር በኋላ ገባን።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ጠዋት የመጀመሪያ ሥራዬ ያደረግሁት ከተማዋ የተጀመረችበትን ቦታ መሳለም ነበር። ቅዱስ ጊዮርጊስ ዛሬ በባንኮችና በሱቆች መካከል፣ ከሐይቁ ጥቂት እርምጃ ርቆ ይገኛል። በድሮው ዘመን መንደሩ በሙሉ የሚጠራው በደብሩ ስም ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ተብሎ ነበር። ካህናቱ፣ ገበሬዎቹና ከሐይቁ ዳር ከደንገል ታንኳ እየሠሩ፣ ጉማሬና ዓሣ እያደኑ የሚኖሩት ወይጦዎች የመንደሩ ነዋሪዎች ነበሩ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲገባ ቦታውን የአስተዳደር ጣቢያ አደረገው፤ የአውሮፕላን ማረፊያ አበጀ፣ የጀልባ ማቆሚያ ሠራ፣ ከሐይቁ ሰሜን ዳርቻ ከጎርጎራ ጋርም በሞተር ጀልባ አገናኘው። በጎንደርና በጎጃም መካከል ጭነት ለማመላለስ ሐይቁን በቀጥታ ማቋረጥ ከየብሱ ዙሪያ መንገድ ይልቅ ይቀርብ ነበርና ወደቡ ከከተማው ቀድሞ ሥራ ያዘ ማለት ይቻላል።

ወደቡ ዛሬም እዚያው ነው። የጣና ሐይቅ ትራንስፖርት ድርጅት ጀልባዎችና መርከቦች ታስረው ቆመዋል፤ ከጎናቸው ቱሪስት የሚጠብቁ ትንንሽ ሞተር ጀልባዎች ተደርድረዋል፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ ታንኳዎች በሣሩ ላይ ተዘርግተው ይደርቃሉ። ታንኳ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ ወጥቶ ፀሐይ መሞቅ አለበት፣ እንደዚያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው።

በመልሕቁ ዳር የመርከብ ገመድ ሲያስተካክሉ ያገኘኋቸው አንድ ጎልማሳ ሠራተኛ ስለ ውኃው ከፍታ ስጠይቃቸው ወደ ድንጋዩ ግንብ አመለከቱ።

«ይኸ ጥቁሩ ምልክት ክረምት የሚደርስበት ነው። አሁን ጥር ነው፣ ገና እስከ ግንቦት ይወርዳል። ዘጠና አምስትን ያየ ሰው ግን ይኸን መውረድ አይለውም።»

«በዘጠና አምስት ምን ሆኖ ነበር ጋሼ?»

«መርከብ ቆመ። ከግንቡ ሥር መሬቱ ታየ። እኛ ገመድ ይዘን ሐይቁን ስናይ ዋልን።»

የተናገሩት በምርምር የተመዘገበ ነው። በ1995 ዓ.ም. ክረምት ከመግባቱ በፊት የጣና ውኃ በመለኪያ ከታወቀው ሁሉ ዝቅ ወዳለ ደረጃ ወረደ። ትላልቆቹ ጀልባዎች ያለ ሥጋት ሊሄዱ የሚችሉት የሐይቁ ገጽ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,784.75 ሜትር በታች ሳይወርድ ነው፣ ያን ጊዜ ግን ከዚያ ወረደ። በእርግጥ የዝናቡ ማነስ አንዱ ምክንያት ነበር፤ ሌላው ምክንያት ዓርብ ዕለት የማየው በሐይቁ መውጫ ላይ ያለው በር ነው። ጣና ስፋቱ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርስ ሆኖ ሳለ ጥልቀቱ ከ15 ሜትር እምብዛም አይበልጥም፤ ስለዚህ የአንድ ሜትር መውረድ ለወደቡ ትልቅ ነገር ነው።

ቀትር ላይ ዓሣ ወደሚራገፍበት ቦታ ሄድሁ። ቆሮሶው፣ አምባዛውና ነጭ ዓሣው ለየብቻ ተለይቶ ይከመራል፤ ልጆች በቢላ ቆዳውን እየገፈፉ ሥጋውን ለሆቴል ያዘጋጃሉ፣ አባኮዳዎች ደግሞ አጠገባቸው ተኮልኩለው ተራቸውን ይጠብቃሉ። የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ በዚህ ሐይቅ ላይ የተስፋፋው ከ1978 ዓ.ም. ወዲህ፣ ከኔዘርላንድ በመጣ እርዳታ ነው። ከዚያ በፊት የወይጦ ዓሣ አጥማጅ በታንኳ ከዳር እምብዛም አይርቅም ነበር። አዲሱ መረብ ለከተማው ገበያ ብዙ ዓሣ አመጣ፤ ነገር ግን ነጭ ዓሣ በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ መገጭ ወንዞች በሚወጣበት ወቅት በወንዞቹ አፍ ላይ ስለሚጠመድ በ1983 እና በ1993 ዓ.ም. መካከል ከአራቱ እጅ ሦስቱ ያህል መቀነሱን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ከእነዚህ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የላቸውም። ወደቡ ያደገበት መንገድ ከወደቡ ሀብት ላይ እየበላ መሆኑን ለማየት የዓሣ ማራገፊያው ከሁሉም ቦታ የተሻለ ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ዛሬ ቀኑን የሰጠሁት ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ነው። ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. የተተከለው ጣሊያን ለወረራው በከፈለችው የጦር ካሣ ነው፤ የቆቃ ግድብም በዚሁ ካሣ ተሠርቷል። ወራሪው በ1928 ዓ.ም. ሲመጣ ጀልባ ማቆሚያ ሠርቶ ሄደ፣ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ደግሞ ሳይወድ በግዱ ለከተማዋ ፋብሪካ ገዛላት። ይህን አጋጣሚ ስመለከት ፈገግ ማለቴ አልቀረም።

ቦታው የተመረጠው ዓባይ ከሐይቁ ከሚወጣበት አቅራቢያ፣ ከወንዙ ዳር ነው። ለማቅለሚያና ለማጠቢያ ብዙ ውኃ ያስፈልጋል፣ ያገለገለውም ውኃ የሚሄድበት አለው፤ ይህ ሁለተኛው ነገር በዚያ ዘመን እንደ ጥቅም ይታይ ነበር። ጥጡ ግን የጎጃም ደጋ የሚያበቅለው ስላልሆነ ከቆላ አገር በመኪና ይጫናል። እንግዲህ ፋብሪካውን ወደ ባሕር ዳር ያመጣው ጥሬ ዕቃው ሳይሆን ውኃውና የሰው ጉልበቱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከዋና ከተማው ውጭ ሌላ የኢንዱስትሪ ከተማ ለማቆም የነበረው የመንግሥት ሐሳብ ነው።

በፋብሪካው ሠፈር በአንድ ቤት ቡና ላይ ከተቀመጡ ጡረተኞች ጋር አንድ ወዳጄ አስተዋወቀኝ። ከመካከላቸው ብዙ ያወሩኝ እትዬ የፈትል ክፍል ሠራተኛ የነበሩ ናቸው፤ በልጅነታቸው ከአዴት በእግራቸው የመጡ ናቸው።

«በእኛ አገር ጥጥ የሚፈትል ሴት ነው፣ የሚሸምን ወንድ ነው፤ ሸማኔ ደግሞ ይናቅ ነበር» አሉኝ። «እዚህ ስንገባ ጊዜ ሴቱም ወንዱም አንድ ላይ ማሽን ሥር ቆመ። ክር ሲበጠስ መቀጠል ነበር ሥራዬ። ማሽኑ አይቆምልህም፣ ጣትህ ነው የሚሮጠው።»

«ደመወዙስ እትዬ?»

«ደመወዙ ትንሽ ነበር ልጄ፣ ግን በየወሩ ነው። ማን ገበሬ ነው በየወሩ የሚያጭድ? በእሱ ቤት ሠራሁ፣ በእሱ ልጅ አስተማርሁ። ሌሊት ፈረቃ ስንወጣ በቡድን ሆነን ነበር የምንሄደው፣ ጅብ ነበራ! አሁን ያ ሁሉ ቤት ነው።»

ከተማ የሚያድገው እንዲህ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። በየወሩ ብር የሚቆጥር ሰው ሲበዛ ጠላ ቤቱ፣ ልብስ ሰፊው፣ ዳቦ ቤቱ፣ የሚከራየው ክፍል ተከትሎ ይመጣል፤ ከአዴት፣ ከመሸንቲ፣ ከዘጌ፣ ከወንዙ ማዶ ከበጌምድርም ሰው ይጎርፋል። በሕዝብ ቆጠራው በ1987 ዓ.ም. የከተማዋ ነዋሪ 96,140 ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. 155,428 ደርሷል። ከዚያ ወዲህ ያለውን ዕድገት ለመገመት ከፋብሪካው ሠፈር እስከ ዳርቻው ድረስ በባጃጅ መሄድ ይበቃል።

የሚያስደንቀው ሌላው ነገር በ1950ዎቹ ሁሉም በአንድ ላይ መምጣቱ ነው። ፋብሪካው በ1953፣ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተቋቋመው የፖሊቴክኒክ ተቋም በ1955፣ የጢስ ዓባይ ኤሌክትሪክ በ1956 ተከታትለው ተከፈቱ። ጀርመናዊው ፕሮፌሰር ማክስ ጉተር ደግሞ ማስተር ፕላን አወጣ፤ ዛሬ በዘንባባ የተዋበው ሰፊ አውራ ጎዳናና አደባባዮቹ የዚያ ፕላን ፍሬ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ መዲናዋን ወደዚህ ለማዛወር አስበው ነበር ይባላል። በጣሊያን ካሣ ፋብሪካ፣ በሩሲያ እርዳታ ትምህርት ቤት፣ በጀርመን እጅ ፕላን፦ ቀዝቃዛው ጦርነት በሌላው ዓለም ሲፋጅ በባሕር ዳር ሁሉም ለአንድ ከተማ ሠርቷል። የፖሊቴክኒኩና በ1965 ዓ.ም. የተከፈተው የመምህራን አካዳሚ በኋላ ተዋሕደው በ1992 ዓ.ም. ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነዋል፤ የጨርቃ ጨርቅ ትምህርቱም እዚያው ቀጥሏል። ዛሬ ከተማዋን የሚያንቀሳቅሰው ፋብሪካው ነው ወይስ ተማሪውና የመንግሥት ሠራተኛው ነው ብባል ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 21

አስተርእዮ ማርያም ስለሆነ ፋብሪካም ቢሮም ለመጎብኘት የሚመች ቀን አይደለም፤ ከበዓል ተሳላሚዎች ጋር በሞተር ጀልባ ወደ ዘጌ ሄድሁ። የገዳማቱን ሥዕልና ክብር ሌሎች በሰፊው የጻፉበት ስለሆነ እተወዋለሁ። ለእኔ ጉዳይ የሚጠቅመው ዘጌ የከተማዋ ጓዳ ሆና መኖሯ ነው። ልሳነ ምድሩ በሙሉ የቡና ጫካ ነው፤ በልማድ በገዳሙ መሬት በበሬ አይታረስም፣ ስለዚህ ሕዝቡ የሚኖረው በቡና፣ በጌሾ፣ በፍራፍሬና በማገዶ ነው። ጤፉን የሚሸምተው ከውጭ ነው። ታንኳ ቀዛፊው ማገዶና ቡና ጭኖ ንፋስ ሳይነሣ በማለዳ ባሕር ዳር ይደርሳል፣ እህል ሸምቶ ይመለሳል። ከፋብሪካውና ከመንገዱ በፊት ወደቡን ወደብ ያደረገው ይህ ንግድ ነው።

ዓርብ፣ ጥር 22

በማለዳ ጨረጨራ ሄድሁ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ ላይ በ1988 ዓ.ም. የተሠራው ይህ የውኃ መቆጣጠሪያ ለዓይን የሚያስደንቅ ሕንፃ አይደለም፤ ዝቅ ያለ ግንብና የብረት በሮች ብቻ ናቸው። በዚህ ጉዞ ካየሁት ሁሉ ግን ለከተማዋ ከዚህ የከበደ ነገር አላገኘሁም። በመጀመሪያ ሁለት በሮች ብቻ ነበሩት፤ በ1993 ዓ.ም. ጢስ ዓባይ ቁጥር ሁለት ሲከፈት ሌሎች አምስት ተጨመሩ። ድሮ ሐይቁ ክረምት ሞልቶ በጋ እየጎደለ ወደ ወንዙ የሚለቀውን ውኃ ራሱ ይወስን ነበር። አሁን የሚወስነው በሩን የሚከፍተው ሰው ነው።

ከዚያ በጢስ ዓባይ ከተማ በኩል ወደ ፏፏቴው በአውቶቡስ ተጓዝሁ። ከባሕር ዳር ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነው። የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫ 11.4 ሜጋ ዋት፣ ሁለተኛው 73 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ሁለቱም የሚሠሩት ውኃውን ከፏፏቴው በላይ ጠልፈው በማውረድ ነው። የመጀመሪያው ትንሽ ስለነበር ፏፏቴውን እምብዛም አልጎዳውም፣ ሁለተኛው ሲመጣ ግን ውኃው ጭስ የሚሆንበት ቀን አነሰ። በ1994 እና በ1995 ዓ.ም. ዝናቡ ሲያንስ አገሪቱ የመብራት እጥረት ስለገጠማት በጨረጨራ በኩል ውኃ አብዝቶ ተለቀቀ። ማክሰኞ ዕለት ጋሼ የነገሩኝ የመርከብ መቆም የመጣው ከዝናቡ ማነስ ጋር ይህ ተደምሮ ነው። ለአምፖሉ የተለቀቀው ውኃ ከወደቡ ግንብ ሥር የተወሰደ ነበር።

ከግንቦት 2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። የጣና በለስ ማመንጫ ከሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ ውኃውን ወደ 12 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ዋሻ አስገብቶ ወደ በለስ ሸለቆ ያወርዳል፣ አቅሙም 460 ሜጋ ዋት ነው። በዚህ ምክንያት የጢስ ዓባይ ማመንጫዎች ተጠባባቂ ሆኑ፤ በጨረጨራ የሚለቀቀውም ለወንዙ ሕይወትና ለፏፏቴው የተመደበው ድርሻ ነው። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በተሠራውና የፖርቱጋል ድልድይ በሚባለው በአላታ ድንጋይ ድልድይ ተሻግሬ ከማዶው ስመለከት ፏፏቴው በዚህ ወር በሁለት ቀጭን ጅረት ብቻ ይወርድ ነበር። አስጎብኚው ልጅ «ነሐሴ ላይ ይምጡ ጋሼ» አለኝ። እኔ በነሐሴም ቢሆን ለመምጣት ዝግጁ ነኝ፤ የውጭ ጎብኚ ግን በብዛት የሚመጣው ለጥምቀት ነውና ለአካባቢው ሰው ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ቅዳሜ ገበያ ባሕር ዳርን ከገጠሩ ጋር የሚያስተሳስር ቀን ነው። ጠዋቱን እዚያ አሳለፍሁ፤ ከዚያ ወደ ዓባይ ድልድይ ወረድሁ። በዚህ ወንዝ ወዲህ ማዶ ጎጃም፣ ወዲያ ማዶ በጌምድር ነበር። ከተማዋ ግን ወሰኑን ከተሻገረች ቆይታለች፤ ከማዶው ያለው ሠፈርም በባጃጅ ጩኸት ከወዲህኛው አያንስም። የቀድሞው ድልድይ ጠባብ በመሆኑ ወደ ጎንደር የሚሄደው የጭነት መኪና፣ ተማሪው፣ ጋሪውና ከገበያ የሚመለሰው ከብት አንድ መሥመር ይጋፋሉ። ከጎኑ የአዲሱ ድልድይ ግንባታ ተጀምሯል። (ይህን ማስታወሻ ለንባብ ሳዘጋጅ አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት ይዞ ግንቦት 2016 ዓ.ም. ተመርቋል።)

ድልድዩ ላይ ቆሜ የመኪናውን ብዛት ሳይ ወደቡ ለምን እንደደከመ ግልጽ ሆነልኝ። በጣሊያን ጊዜ ሐይቁ ለጎንደር አቋራጭ ነበር፤ ሐይቁን በምሥራቅ የሚዞረው መንገድ ከተስተካከለ በኋላ ግን መኪና በጥቂት ሰዓት የሚያደርሰውን ጭነት በመርከብ የሚልክ ነጋዴ አይገኝም። ከተማዋ የወደብ ከተማ ተብላ ብትወደስም ገንዘቡ የሚመጣው በአስፋልቱ ነው። የሐይቁ ዳር ለሆቴልና ለመዝናኛ ተሸንሽኗል፣ የወደቡ ስፋት ግን እምብዛም አልተለወጠም።

እሑድ፣ ጥር 24

ወደ ጎርጎራ የምትሄደውን የሳምንት መርከብ ስትጫን ለማየት በማለዳ ወደቡ ደረስሁ። ዘጌን፣ ደቅን፣ ቁንዝላንና ደልጊን እየነካች ትሄዳለች፣ በመንገድም አድራ ነው ጎርጎራ የምትደርሰው። የቢራ ሣጥን፣ ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶ፣ የዘይት ጀሪካን፣ ፍራሽ፣ አንድ የወፍጮ ሞተር ተጫነ። ተሳፋሪው ባብዛኛው የገጠር ሰው ነው፤ የሚወርደው በመንገዱ ላይ እንጂ እስከ ጎርጎራ የሚዘልቅ ጥቂት ነው።

የወፍጮውን ሞተር ያስጫነውን ነጋዴ ለምን በመኪና እንዳልወሰደው ጠየቅሁት። ከት ብሎ ሳቀ። ሞተሩ የሚሄደው ወደ ደቅ ደሴት ነው፣ ደቅ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ሰው የሚኖርበትና የሚያርስበት ሰፊ ደሴት ነው።

«የደቅ ሰው በርበሬውን እዚህ ድረስ በታንኳ ነበር የሚያስፈጨው» አለኝ። «ታንኳ ይኸን ሞተር አይችለውም። መርከቧ ከቀረች በእጅ ነው የሚፈጨው።»

ከዚያ ወዲህ ጣናነሽ ፪ የተባለች ትልቅ መርከብ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥታ፣ በየብስ ተጎትታ፣ ተራራና ሸለቆ አቋርጣ ለዚህ ሐይቅ መጥታለች። መርከብ በአስፋልት መምጣቷ ብዙ ሰው አስቋል፤ እኔን ግን ያሳሰበኝ የምትጫነው ማንን ነው የሚለው ነው። ጎብኚውን በዘጌና በክብራን ገብርኤል ብታዞር ለሆቴሎቹ መልካም ነው፤ ደቅንና ቁንዝላን በሳምንት አንድ ቀን ሳይሆን በየቀኑ ከገበያ ብታገናኝ ግን ከወደቡ ጀርባ ያለው የከተማ ንግድ ራሱ ይለወጣል። ነጋዴው ሞተሩን በገመድ አሥሮ ሲጨርስ ለመመለሻው የበርበሬና የባቄላ ጭነት ከወዲሁ መያዙን ነገረኝና ወደ መርከቧ ወጣ።